አየርና ደም በሳንባ ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ

በአርባ ምንጭ ቆላ ሙዙን በመስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ውሃውን እንዲሁ በዘፈቀደ አይለቅም። ተክል ወዳለበት መደብ ቦዩን ይከፍታል፤ ወደ ባዶው መደብ የሚሄደውን ግን በአፈር ይደፍነዋል። ሳንባችንም ደምን የሚያከፋፍለው ይህን በመሰለ ሥርዓት ነው።

በሳንባ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። አንድ ጤናማ ሰው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ በየደቂቃው 4 ሊትር ያህል አየር ወደ ከረጢቶቹ ይገባል፤ በዙሪያቸውም 5 ሊትር ያህል ደም ያልፋል። ደሙ የተቃጠለውን አየር ሰጥቶ ኦክሲጅን የሚቀበለው ሁለቱ በአንድ ስፍራ ሲገናኙ ነው። አየር ደም ወደሌለበት ቢገባ፥ ደምም አየር ወደሌለበት ቢሄድ ሥራው ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ አንዱ ከረጢት ኦክሲጅን ባነሰው ጊዜ ወደ እርሱ የሚሄደው ቀጭን የደም ሥር ጠበብ ይልና ደሙ አየር ወዳለበት ስፍራ ይዞራል። ይህንን አሠራር ፎን ኦይለርና ሊልየስትራንድ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት በ1946 እ.ኤ.አ. በድመቶች ላይ መርምረው ገልጠዋል።

ይሁን እንጂ የሳንባ ምች በያዘው ሕፃን ብዙ ከረጢቶች በመግልና በፈሳሽ ስለሚሞሉ የደም ሥሮቹ መጥበብ ብቻውን አይበቃም። ከደሙ ከፊሉ ኦክሲጅን ሳያገኝ ያልፋል፤ ሕፃኑም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በደጋ በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክሲጅን አነስተኛ ስለሆነ፥ በዚያ የሚኖር ሕፃን በዚህ ሕመም ሲያዝ አደጋው ይብስበታል። መውጫ ባጣ የማገዶ ጢስ መካከል ማደግም ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ወላጆችም በየቤታቸው የሚከተለውን እንዲያስተምሩ እናሳስባለን። ምድጃው ከሕፃኑ መኝታ ይራቅ፤ ጢሱም መውጫ ይበጅለት። ሕፃኑ ሲያስለው ወይም መተንፈስ ሲያስቸግረው፥ ሳያለቅስ ጸጥ ባለበት ሰዓት ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ሆኖ 60፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፥ ወይም አየር ሲስብ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፥ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቦዩ የተደፈነበት ተክል ጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ኦክሲጅን ያጣ ሕፃን ግን አይታገሥም።