ቀይ አፈር፣ ባዶ እግር

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ስለ ዝሆኔ በሽታ ጠይቆ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ታማሚውን ሲያክሙም እንዳይዛቸው ይሰጉ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰው እንዲህ ካሰበ፣ ወላይታ ውስጥ እግሩ ካበጠ ጎረቤቱ ጎን መቀመጥ የሚፈራውን ገበሬ ማን ይወቅሰዋል?

ይተላለፋል የተባለው በሽታ ግን ተላላፊ አይደለም። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ሲሆን፣ ለዓመታት በባዶ እግር የሚረግጠው ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች እየዘለቁ የሊምፍ ቧንቧዎችን እንደሚጎዱ ይታመናል። እግር መጀመሪያ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ከዚያ ያብጣል፣ እብጠቱ ወደ ጉልበት ይወጣል፣ ቆዳው እየወፈረ ይሻክራል። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት ደጋና ወይና ደጋ ይበረታል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው የወላይታዋ ሶዶና ዙሪያዋ ይህን ሁሉ ያሟላሉ። አፈሩን ከበሽታው ጋር አያይዞ ስሙን ያወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው።

እግርን የሚያበላሹ የፈንገስ በሽታዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ዝሆኔ ግን ከእነሱ አይደለም። በጎረቤት ሱዳን የበዛው ማይሴቶማ በእሾህ ወይም በትንሽ ቁስል ገብቶ ሥጋውን አልፎ አጥንት ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች ተራ ያስገባው በ2016 ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግር ይዞ መግልና ጥቃቅን ፍሬ የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ዝሆኔ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ እኩል ባያሳብጣቸውም። በወላይታው በሽታ ፈንገስ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ያበጡት ጣቶች ይጣበቃሉ፣ መሐላቸው ይረጥባል፣ ፈንገስ ያበቅላል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል። ያኔ በሽታው ይነሳል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላል፣ ብሽሽት ያብጣል፣ ታማሚው ለቀናት ይተኛል።

ሕክምናው ለሰሚ የማይመስል ቀላል ነው። በረኪና ጠብ ያለበት ውኃ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ለፈንገሱ ዊትፊልድ የሚባለው ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ሙከራ እንክብካቤው በሽታው የሚነሳበትን ጊዜ በዓመት ከ24 ገደማ ወደ 19 ገደማ እንዳወረደ አሳይቷል። ታምር አይደለም። ለቀን ሠራተኛ ግን አምስት ጊዜ አለመተኛት ማለት ነው። ቀላል ነው ስል ደግሞ ውኃውን ረስቼ አይደለም፤ በየቀኑ እግር ለመታጠብ መጀመሪያ ከምንጭ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል።

በሶዶ ይህን ሥራ የያዘው በ1998 አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎው ያቋቋመው ማኅበር ነው። ያበጠ እግር የገበያ ጫማ አይገባለትም፤ ስለዚህ ማኅበሩ በእግሩ ልክ ጫማ ያሰፋል፣ ከሰፊዎቹም መካከል ራሳቸው የታከሙ ሰዎች አሉ።

ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ቀርቧል። በ2003 የታተመ ጥናት ከወላይታ ዞን ሕዝብ 5.46 በመቶው ታማሚ እንደሆነ አገኘ። በ2006 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ታማሚ ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣና ዞኑ በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከስር አሰላ።

ከሁሉ የሚከብደው የዘር ጉዳይ ነው። በአንድ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ደህና ይኖራል። ሕዝቡ «በዘር ነው» ሲል ኖሯል። በ2012 በፋሲል ተኮላ መሪነት በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት በሽታን የመከላከል አቅምን የሚቆጣጠሩ የዘር ክፍሎች ለበሽታው ተጋላጭ እንደሚያደርጉ አሳየ። ሕዝቡ ግማሹን ልክ ነበር ማለት ነው። ዘሩ አፈሩን ካልነካ ግን አያሳምምም፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገ እግር የማንም ዘር ቢሆን አያብጥም። አጥኚዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ያስጨነቃቸው ደግሞ መገለሉ ነበር፤ የዘር ጥናት መባሉ ብቻ ቀድሞውንም ሰው ለጋብቻ የሚሸሻቸውን ቤተሰቦች የባሰ እንዳያስገልላቸው ፈርተዋል።

ጫማ በማደል ላይም ይኸው ጣጣ አለ። ለታማሚ ልጆች ብቻ ከታደለ ጫማው ራሱ ምልክት ይሆናል። ለሁሉም ሕፃን ከታደለ ወጪው ይበዛል፤ ገበሬ ጫማውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን አስቀምጦ እርሻ በባዶ እግሩ እንደሚወርድም ይታወቃል። እኔ ለሁሉም የሚታደለውን እመርጣለሁ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ፣ ለእርሻም በሚሆን ጫማ። በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከስራል ተብሎ ለተሰላለት ዞን ይህ ውድ አይደለም።