ሁለተኛ ዲግሪ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በማኅበራዊ ሥራና በማኅበራዊ ፖሊሲ፦ የትኛው ዘርፍ ለየትኛው ጥያቄ?

የማኅበራዊ ሳይንስ ድኅረ ምረቃ ትምህርት በሦስት ሰፊ ጎራዎች ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ኅብረተሰብ እንዴት እንደሚኖርና ለምን እንደዚያ እንደሚኖር የሚመረምረው ነው፤ ሶሺዮሎጂና አንትሮፖሎጂ እዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ችግር የገጠመውን ሰው፣ ቤተሰብ ወይም ማኅበረሰብ የሚያግዝ ባለሙያ የሚያፈራው ማኅበራዊ ሥራ ወይም ሶሻል ወርክ ነው። ሦስተኛው መንግሥት ለዜጎቹ ደኅንነት የሚያወጣውን ሕግ፣ የሚመድበውን በጀትና የሚዘረጋውን አገልግሎት የሚያጠናው ማኅበራዊ ፖሊሲ ነው። ሦስቱ ይጎራበታሉ፣ መጻሕፍትም ይዋዋሳሉ፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 አንድ ፕሮግራም፣ አራት ጥያቄዎች

ልዩነቱ በኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ጎልቶ ይታያል። ፕሮግራሙ በ2005 የተጀመረ ሲሆን፣ በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያጋጥማቸው የገጠር ቤተሰቦች ጥሪታቸውን ሳይሸጡ ክፉውን ወር እንዲሻገሩ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። መሥራት የሚችሉት በእርከን፣ በመንገድና በውኃ ማቆር ሥራ ይሳተፋሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች ጉልበት የሌላቸው ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

የሶሺዮሎጂ ተማሪ እዚህ ላይ የሚጠይቀው የተጠቃሚዎች ዝርዝር ሲዘጋጅ የማን ስም እንደሚገባና የማን እንደሚቀር ነው፤ ሴቶች የሚመሯቸውን ቤተሰቦች፣ መሬት የሌላቸውን ወጣቶችና ከሌላ አካባቢ የመጡትን ያነጻጽራል። አንትሮፖሎጂ የሚያጠናው በአንድ ቀበሌ ለወራት ተቀምጦ፣ የተሰፈረው እህል ቤት ከገባ በኋላ ለዘመድና ለጎረቤት እንዴት እንደሚከፋፈል፣ እድርና ደቦ በፕሮግራሙ ምክንያት ተለውጠው እንደሆነ ይከታተላል። ሶሻል ወርከሩ ከዝርዝሩ የወጡትን አንዲት አረጋዊት እናት ይዞ ይነሳል፤ ቅሬታቸውን የት እንደሚያቀርቡ፣ ሕክምና እንዴት እንደሚያገኙ፣ አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጅ ትምህርት እንዳያቋርጥ ምን እንደሚደረግ ያስባል። የማኅበራዊ ፖሊሲ ተማሪ ደግሞ ክፍያው ስንት ሊሆን እንደሚገባ፣ ወጪውን መንግሥትና ለጋሾች እንዴት እንደሚጋሩት፣ አንድ ቤተሰብ በምን መመዘኛ ከፕሮግራሙ «ተመረቀ» እንደሚባል ይመረምራል።

ዘርፍ ለመምረጥ የሚቸገር ሰው ከእነዚህ ጥያቄዎች እንቅልፍ የሚነሳው የትኛው እንደሆነ ቢያጤን፣ ከትምህርት ክፍሉ ስም ይልቅ የተሻለ መሪ ያገኛል።

🔹 ማኅበራዊ ሥራ በኢትዮጵያ

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1959 ነው። መጀመሪያ ላይ የሁለት ዓመት ሥልጠና ነበር፤ ቆይቶ በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደ ዲግሪ አደገ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አዲሱ ሥርዓት ማኅበራዊ ችግር የሚፈታው በሶሻሊስታዊ ለውጥ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ለሙያው የተለየ ቦታ አልሰጠውም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት አስርት ዓመታት ገደማ ሀገሪቱ ረኃብ፣ ጦርነት፣ መፈናቀልና የኤችአይቪ ወረርሽኝ ተፈራርቀውባታል፤ ሶሻል ወርከር በዲግሪ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ግን አልነበራትም። ይህ ክፍተት ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ትምህርት ቤቱን እንደገና ሲከፍት የጀመረው ከሁለተኛ ዲግሪ ነበር። አካሄዱ ምክንያታዊ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ለማስተማርና ልምምዳቸውን ለመከታተል በቅድሚያ መምህራንና የመስክ ተቆጣጣሪዎች ያስፈልጋሉ። በዚህ ሥራ በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጄን አዳምስ የማኅበራዊ ሥራ ኮሌጅ አጋር ነበር። ኮሌጁ የተሰየመላቸው ጄን አዳምስ በ1889 በቺካጎ በስደተኞችና በድሆች ሠፈር «ሀል ሀውስ»ን የመሠረቱና በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተጋሩ ናቸው። የሦስተኛ ዲግሪው ፕሮግራም በ2006 ተከተለ።

🔹 ማኅበራዊ ፖሊሲ እንደ ጥናት ዘርፍ

ዘርፉ የበቀለው በእንግሊዝ ነው። የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የማኅበራዊ ሳይንስና አስተዳደር ክፍሉን በ1912 ከፈተ፤ ሪቻርድ ቲትመስ በ1950 በዚያ የማኅበራዊ አስተዳደር ፕሮፌሰር ሆኑ። በመካከሉ በ1942 የወጣው የቤቨሪጅ ሪፖርት ለሀገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት መሠረት ጥሏል።

በኢትዮጵያ የ1996ቱ ልማታዊ የማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲና የ2014ቱ ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ለዘርፉ ተማሪዎች መነሻ ሰነዶች ናቸው። ሰነዶቹን ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በ2011 በተመረጡ ወረዳዎች መሞከር የጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ብዙ ጥያቄ ያስነሳል፦ አባልነት በፈቃደኝነት ሲሆን ጤነኛው ሰው ለምን ይመዘገባል? መዋጮ መክፈል የማይችለውን ማን ይክፈልለት? አባሉ ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲደርስ መድኃኒት ካጣ በሚቀጥለው ዓመት ያድሳል? ፖሊሲና ኑሮ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

🔹 የትምህርቱ ሂደት

በሀገር ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ በመደበኛው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረውና ተማሪዎች «ጋት» የሚሉትን ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሊያልፍ ይገባል። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የኮርስ ነው፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ፣ የአኀዛዊና የዓይነታዊ ምርምር ዘዴዎች፣ የፖሊሲ ትንተና። ሁለተኛው ዓመት ለመመረቂያ ጥናት ይውላል፤ ተማሪው ፕሮፖዛል ያቀርባል፣ በአማካሪ እየታገዘ መረጃ ይሰበስባል፣ ጽፎም በፈታኞች ፊት ይከላከላል።

ብዙዎችን የሚያዘገየው የርእስ ስፋት ነው። «ስደት በኢትዮጵያ» የጥናት ርእስ ሊሆን አይችልም። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ከእነርሱ መካከል በአንድ ከተማ የተቀመጡ ሴቶች ሥራ የሚያገኙት በማን በኩል እንደሆነ መጠየቅ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይችላል። ጥያቄው ሲጠብ ዘዴው ራሱ ይገለጣል። ምን ያህሉ ሥራ አገኙ ለሚለው መጠይቅና ናሙና ይስማማል፤ እንዴት አገኙ፣ ሲመለሱስ ቤተሰብ እንዴት ተቀበላቸው ለሚለው ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ይሻላል።

🔹 የጥናት ሥነ ምግባር

በዚህ ዘርፍ መረጃ የሚሰጠው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም የተቸገረ ሰው ነው። ደብተር ይዞ ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር የመጣን ተማሪ የቀበሌው ነዋሪ ለእርዳታ የሚመዘግብ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ማን እንደሆነ፣ መረጃው ለምን እንደሚውልና በምላሹ እርዳታ እንደማይመጣ በግልጽ መናገር ይኖርበታል። ፈቃድ የሚባለው «እሺ» ማለት ብቻ ሳይሆን ያለ ምንም መዘዝ «አይሆንም» ማለት መቻልም ነው። ጥቃት የደረሰባቸውን የሚያነጋግር ደግሞ ቃለ መጠይቁ ቁስል ቢቀሰቅስ ወደየትኛው አገልግሎት እንደሚመራቸው አስቀድሞ ማወቅ ግዴታው ነው።

🔹 የመስክ ልምምድ

የሶሻል ወርክ ዲግሪን ከሌሎቹ የሚለየው ዋና ነገር የመስክ ልምምድ ነው። ተማሪው በሆስፒታል፣ በአረጋውያን ማእከል፣ በሕፃናት ማቆያ ወይም በፍርድ ቤት በባለሙያ ክትትል ሥር ይሠራል። የቤተሰብን ሁኔታ መገምገም፣ የጉዳይ መዝገብ መያዝ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ባለጉዳዩን ወደ ሌላ አገልግሎት ማስተላለፍ በክፍል ውስጥ ብቻ አይለመዱም። ፍርድ ቤት በልጅ አሳዳጊነት ላይ ሲወስን የሶሻል ወርከር ሪፖርት እንዲቀርብ ሊያዝዝ ይችላል፤ በዚያ ገጽ ላይ የተጻፈው የሕፃኑን ዕጣ ሊለውጥ ስለሚችል ልምምዱ በዋዛ የሚታይ አይደለም።

🔹 ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ

ሦስተኛ ዲግሪ ከሁለተኛው የሚለየው አዲስ እውቀት ማበርከትን ስለሚጠይቅ ነው። ለተመራማሪነት የሚዘጋጅ ሰው የሀገር ውስጥ መድረኮችን ማወቅ ይጠቅመዋል፦ በ1980 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ በ1998 የተቋቋመው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ይጠቀሳሉ። ሌሎች ተመራቂዎች በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች፣ በሆስፒታሎች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ይሠራሉ።

የትም ቢሰማሩ አንድ ኃላፊነት ይከተላቸዋል። ጥናቱ ሲያልቅ ግኝቱ መረጃ ለሰጡት ሰዎችና ውሳኔ ለሚወስነው ወረዳ በሚገባቸው ቋንቋ ሊቀርብላቸው ይገባል፤ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ የቀረ ጥናት ሥራው በግማሽ የቀረ ነው።