«አሞርዛተር»፦ ስለ ስያሜውና ስለ ድካሙ ምልክቶች

የመኪና ጥገና መመሪያን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሚቸገርባቸው ቃላት አንዱ በጋራዥ ቋንቋ «አሞርዛተር» ወይም «ሾክ አብዞርበር» የሚባለው ነው። የእንግሊዝኛው ስም ቃል በቃል ቢፈታ «ድንጋጤ መጣጭ» ይወጣዋል፤ ይህን የሰማ መካኒክ ቢስቅ አይፈረድበትም። ይሁንና «ድንጋጤ» ቀርቶ «ምት» ቢባልም ስሕተቱ አይታረምም፤ ጉድለቱ በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ነውና። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ምቱን የሚቀበለው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ ደግሞ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ስለሚሰጥ መኪናው ወደ ላይና ወደ ታች ይናጣል። ይህን ውዝዋዜ የሚገታው አሞርዛተሩ ነው፤ ፒስቶኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እየገፋ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

የጣሊያንኛው «አሞርቲዛቶሬ» ከእውነቱ ይቀርባል። ሥሩ «ሙት» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ኃይልን ማድከምን፣ ማደንዘዝን ያመለክታል። እንግዲህ አሞርዛተሩ «ሞተ» ሲባል ገዳዩ ሞተ እንደ ማለት ነው።

የስያሜው ጉዳይ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በቢሾፍቱ በኩል ወደ አዳማ በሚወስደው ነባር ጎዳና ላይ የሚሄድ አንድ አሮጌ ፊያት 600፣ ማለትም ሰይቸንቶ፣ እናስብ። ይህ ዓይነት መኪና በ1955 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን ከፊት በአግድም የተዘረጋ ባሌስትራ፣ ከኋላ ሞላ አለው። የተለመደው ምርመራ የመኪናውን አንድ ማዕዘን በኃይል ተጭኖ መልቀቅ ነው። ተነሥቶ ወዲያው ከረጋ ደኅና ነው፤ ደጋግሞ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ ደክሟል። ነገር ግን የባሌስትራ ቅጠሎች ዝገው እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ራሳቸው ውዝዋዜውን ስለሚገቱ፣ አሞርዛተሩ ሞቶ ሳለ መኪናው የረጋ ሊመስል ይችላል። «ምት መጣጭ» የሚለውን ያነበበ ጠጋኝ ግን የሚፈልገው የምቱን ጥንካሬ ነው፤ ስለዚህ ለተሰበረ ባሌስትራ አሞርዛተር ይለውጣል፤ የደከመውን አሞርዛተር ግን ያሳልፈዋል። ያለፈው መኪና ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፤ በሸካራ መንገድ ላይም ጎማው ከመሬት እየለቀቀ ስለሚነጥር ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል።

የምልክቶቹ ስሞችም ጥንቃቄ ይሻሉ። በአሞርዛተሩ አካል ላይ ስስ የዘይት እርጥበት መታየቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ዘይቱ ወርዶ ሲንጠባጠብ ግን ነው። ሁለቱን በአንድ «ማፍሰስ» መጠቅለል ደኅናውን ዕቃ ያስጥላል። ለመጀመሪያው «መውዛት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ወዝን የሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም። በጎማው ዙሪያ እዚህም እዚያም እየተጎረሰ ለሚታየው መበላትም «መጎርጎድ» ይስማማል፤ ይህ ምልክት ግን ከጎማ ሚዛን መጓደልም ሊመጣ ይችላል።

ለዕቃው «ውዝዋዜ ገቺ» የሚለውን እናቀርባለን፤ «አሞርዛተር» የሙያው ቃል ሆኖ ከጎኑ ይመዝገብ። «አብራጅ» ለጆሮ ይጥማል፤ ሆኖም ሥሩ «በረደ» ነውና እየጋለ ለሚሠራ ዕቃ አይገጥምም። «ዘይት» የሚለውንም በስያሜው ውስጥ አላስገባንም፤ በጥንታውያን መኪናዎች ላይ ያለ ዘይት፣ በዲስኮች ሰበቃ ብቻ የሚሠሩ ገቺዎች ነበሩና።