ነከሰብኝ ብላችሁ ለምትደውሉልኝ፦ ጠመንጃውን ተዉትና የሚጎርሰውን እዩ

ዛሬ ጠዋት ቶርኖውን ሳላስነሳ አንድ ወጣት ከጓደኛው ጋር መጣ። የአባቱ ኤም ዋን ይነክሳል። ቪዲዮ አይቷል፤ ቪዲዮው «የጥይቱ መግቢያ ጠቦ ነው» ስላለው «ጋሼ፣ በድሬል ትንሽ ሰፋ አድርግልኝ» ይለኛል። ጠመንጃውን ይዞ አልመጣም፤ ቢያመጣም አልነካውም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መጠገን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እኔ ዛሬ ያለኝ የብረት ሥራ ፈቃድ ብቻ ነው። ግን ወጣትነቴን በሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ስጠግን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሰው ዓይኑን ሊያጠፋ ሲሄድ እያየሁ ዝም አልልም።

የያዘው ሦስት ማቀፊያ ነው። ኤም ዋን እንደ ክላሽ የሚነቀል ካዝና የለውም። ስምንት ጥይት ያቀፈ ቀጭን የብረት ማቀፊያ ከነጥይቱ ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ ስምንተኛው ሲተኮስ ማቀፊያው ተስፈንጥሮ ይወጣል። አንዱን ወደ በሩ ብርሃን ወስጄ አየሁት። ከንፈሩ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ የፒንሳ ጥርስ ታትሟል። ጥይቱ እንዳይፈስ ብሎ አንድ ሰው ጨምቆታል። ልጁ በኪሱ የያዘውን ባዶ ቀለህ ከንፈሩ ሥር አስገብቼ በአውራ ጣቴ ብገፋው ንቅንቅ አላለም። ጠንከር አድርጌ ስገፋው ነሐሱ ላይ ሁለት ጭረት አስቀርቶ ወጣ። ንክሻው ይኼው ነው። ለተጨመቀ ማቀፊያ ሲባል ጤነኛ ጠመንጃ በድሬል ሊበላ ነበር።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አፈሙዝ ወዴት እንደሚዞር፣ ጣት የት እንደሚውል አልናገርም፤ ያንን የማያውቅ መሣሪያ መያዝ የለበትም።

1. መጀመሪያ ባዶ አድርጉት። የነከሰ ጠመንጃ ጥይት አለበት ማለት ነው። ካዝና ካለው አውጡ፣ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ማቀፊያ ካለው አውጡ፣ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። የተጣበቀ ጥይት በአፈሙዙ በኩል በብረት ዘንግ አይደበደብም።

2. ማቀፊያ፣ ካዝና፣ ሞላ። ከንፈሩ ጥይቱን በልክ ይዞ በልክ መልቀቅ አለበት። ሲጠብ ጥይቱ ይዘገያል። ሲሰፋ ደግሞ ጥይቱ አፍንጫውን ቀስሮ ይወጣና ጠርዙ ላይ ይወደራል። ሞላው የደከመ እንደሆነ መዝጊያው ጥይቱ ሳይነሳ በላዩ ያልፋል። ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በሌላ ማቀፊያ ሞክሩት። በአንዱ ነክሶ በሌላው ካልነከሰ ጠመንጃው ንጹሕ ነው፤ መጥፎውን ጣሉት። ፒንሳ የሚባል ነገር አታንሡ። ያ ከንፈር የተሠራው ከሞላ ብረት ነው፤ አንዴ ከታጠፈ በእጅ ልኩ አይመለስም።

3. ጥይት። እዚህ ላይ «ሁሉም 7.62 ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚለውን ወሬ የጀመረውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። የሲሞኖቭና የክላሽ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር ነው። የኤም 14 51፣ የኤም ዋን 63 ነው። የመትረየሱ የፒኬኤም 54 ሆኖ ቂጡ ከንፈር አለው። አራቱም 7.62 ይባላሉ፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አፈሙዙ ቀዳዳ እንጂ ስለ ቀለሁ አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ ስለማይገባ ጉዳት የለውም። የሚያስፈራው የሚገባው ነው፤ የኤም 14 ጥይት ኤም ዋን ውስጥ ሊገባና ሊተኮስ ይችላል። ከፊቱ ባዶ ቦታ ስለሚተርፈው ቀለሁ ያብጣል፣ ይቀደዳል፣ ጋዙ የተኳሹ ፊት ወዳለበት ይመለሳል።

ይህ ቅልቅል ከሰማይ አልወረደም። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ኮሪያ ሲዘምት የያዘው የአሜሪካን መሣሪያ ነው። በ1945 ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ሲፈረም ደግሞ የአሜሪካን መሣሪያ በገፍ ገባ። በ1969 እና በ1970 በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ አገሪቱ ወደ ሶቪየት ዞረችና ሌላ ጥይት መጣ። ሁለቱም ቀሩ። ዛሬ በአንድ ቤት፣ በአንድ ስልቻ፣ የሁለት መንግሥታት ጥይት ተቀላቅሎ ይገኛል። አንድ በአንድ አውጥታችሁ ለዩት። የዛገ፣ የጎደጎደ፣ አረሩ አንገቱ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ አረንጓዴ ያበቀለ ወደ ጠመንጃ አይገባም።

4. ዘይት። ለዚህኛው ነው በእውነት የተቀመጥኩት።

ፋርጣም እስቴም ላይ ጋይንትም ሄዳችሁ «በምን ትወለውላላችሁ?» ብትሉ መልሱ አንድ ነው፤ በኑግ ዘይት፣ ከጠፋም በቅቤ። እባካችሁ! የኑግ ዘይት ይደርቃል። አየር ሲያገኝ ይጠጥራል፣ ቀስ በቀስ ወደ ሙጫ ይለወጣል። ሴቶቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ አዲስ ምጣድ የሚሟሸው የቅባት እህል ሙቀት ላይ ደርቆ ሽፋን ስለሚሆን ነው። ለምጣድ የሚፈለገው ያ ሽፋን መዝጊያ ውስጥ ሲጋገር ምን እንደሚሆን አስቡት። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ በሐምሌ ንጋት ቅዝቃዜ ያ ሙጫ መዝጊያውን ጎትቶ ይይዘዋል። መዝጊያው ሙሉ መንገዱን አይሄድም፣ ቀጣዩን ጥይት አያነሳም፣ ባለቤቱም «ነከሰ» ይላል። ቅቤ ደግሞ ውስጡ ውሃ አለው። መሽተቱ ብቻ አይደለም፤ ያዝጋል።

መንከሱ እንኳ ቀላሉ ነው። ሲሞኖቭ ላይ ጥይቱን ቂጡ ላይ የሚመታው መርፌ በአብዛኞቹ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ በነጻነት መንሸራተት አለበት። ሙጫ ከያዘውና ወደ ፊት እንደወጣ ከቀረ መዝጊያው በተዘጋ ቁጥር ጥይቱን ይመታዋል። ምላጭ ሳይነካ ይተኩሳል ማለት ነው፤ ባስ ሲልም ካዝናው እስኪያልቅ አይቆምም። ስታቀባብሉ አፈሙዙ የት እንዳለ የምጨቀጭቀው በዚህ ምክንያት ነው። መርፌው ቤት ውስጥ ምንም ዘይት አይገባም፤ ታጥቦ ይደርቃል፣ ሲነቀነቅ ድምፁ መሰማት አለበት።

የድሮ የምሥራቅ አገሮች ጥይት ከተተኮሰበት ደግሞ ዘይት ብቻውን አያድነውም። የጥይቱ መነሻ ቅመም ሲነድ ጨው ይተዋል፤ ጨው በዘይት አይሟሟም። በጋዝ የሚገፋው ዘንግና የጥይቱ ማደሪያ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ቀጭን የማሽን ዘይት በስሱ ይቀባል። «ጠመንጃ ውሃ ይነካል እንዴ?» አዎ፣ ይነካል። ምድጃ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጭስና እርጥበት ሲጠጣ ከሚከርም ይህ ይሻለዋል።

ለልጁ ጓደኛ ሳልመልስለት አላልፍም። እኔ ማቀፊያውን ሳሳያቸው እሱ «ድሮም ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ፈንድቷል፣ የእኛ ብረት አይታመንም» አለኝ። ጋፋት፣ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት፣ ከዚህ ከከተማው በእግር የሚደረስ ቦታ ነው፤ ይህን የሚለው የደብረ ታቦር ልጅ መሆኑ አንገበገበኝ።

ሴባስቶፖል አልፈነዳም። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ ሞርታር በ1860 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተቀደደለት፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው አምባው ላይ በሙሉ አካሉ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት ቅጂው ነው። የፈነዳው ሌላ ነው፤ «ቴዎድሮስ» በንጉሡ ስም የተጠራው ትልቁ መድፍ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ከእንግሊዞች ጋር አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ፣ በመጀመሪያው ተኩስ። ለምን ፈነዳ? ባሩድ ከልኩ በላይ ስለጎረሰ። የጋፋቶቹ አውሮፓውያን ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ከሐበሻ ሠራተኞች ጋር ያቀለጡት ብረት ላይ ስም ከማጥፋታችሁ በፊት ማን ምን እንዳጎረሰው ጠይቁ። በዚያው ቀን ከፊት ለፊት የነበረው የእንግሊዝ እግረኛ ስናይደር ይዞ ነበር፤ ባሩዱ በፋብሪካ ተለክቶ በናስ ቀለህ የታሸገ፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ። ወደ 700 የሚጠጋ የእኛ ሰው ወደቀ። ከእነሱ የቆሰለው 20 ገደማ ሲሆን ከነዚያ የሞቱት ሁለት ናቸው። ልክ ያለው ጥይትና ልክ የሌለው ባሩድ የተገናኙበት ቀን ነው።

ጋፋትን ስሙን ለመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሰጥተንለታል። ሥራውንስ? ባለፈው ዓመት አንድ ማሠልጠኛ ተለማማጅ ላከልኝ፤ የብቃት ምዘናውን አልፎ ወረቀቱን ይዟል፣ ካሊፐር ግን ማንበብ አይችልም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለው «ያው ነው» ይለኛል። ያው አይደለም! መሣሪያ የሚመዘግበው ቢሮም እንደዚሁ ነው። አንድ ጎረቤቴ ሲያስመዘግብ ሄጄ አየሁ፤ ቁጥሩን ገለበጡ፣ ፎቶ አነሡ፣ አበቃ። ምን ጥይት እንደሚጎርስ የጠየቀ የለም፣ መዝጊያውን የከፈተ የለም። አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ አትሞ ከፈቃዱ ጋር መስጠት ስንት ብር ያወጣል? ገበሬው የሚያነበው ስለሌለው ቪዲዮ ያያል፤ ቪዲዮው ድሬል አንሣ ይለዋል።

የምትጽፉልኝ ሰዎች «ነከሰ» ብቻ አትበሉ። ስንተኛው ጥይት ላይ ነው? መጀመሪያው ላይ ከሆነ ከንፈሩን ነው የማየው። መጨረሻዎቹ ላይ ከሆነ ሞላውን። በየጥይቱ ከሆነ ቆሻሻ፣ ሙጫ ወይም የጋዙ ዘንግ ነው። የተተኮሰው ቀለህ ማደሪያው ውስጥ ከቀረ ዝገት አለ፣ ወይም ጥይቱ የሌላ ነው፤ ያንን ለባለፈቃድ እስክታሳዩ ድረስ አትተኩሱበት። ከዚያ ጠመንጃ የወጣ ቀለህ አስቀምጡና አንገቱንና ቂጡን በቅርብ አንሡልኝ፤ ስንጥቅ፣ እብጠት፣ ጭረት ከዚያ ይነበባል። ፎቶውን ስትልኩ የመሣሪያውን ተከታታይ ቁጥር ሸፍኑት።