ሩዝ ከታጨደ በኋላ አፈሩን ማን ይጠብቀዋል?

ሩዝ ታጭዶ ከተነሣ በኋላ ማሳው ሥራ የፈታ ይመስላል። ይሁንና የሚቀጥለው ዓመት ምርት ከሚወሰንባቸው ወቅቶች አንዱ ይኸው ነው። እርቃኑን የቀረ መሬት በነፋስና በጎርፍ ይሸረሸራል፤ ሰብሉ ሳይጠቀምበት የቀረው ናይትሮጅንም ከውኃ ጋር ይሄዳል።

በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በምትገኘው ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሲፈልግ ቆይቷል። የአፈር ሳይንስ ፕሮፌሰሩ ሬይ ዋይል በሽፋን ሰብሎች ላይ ባካሄዱት ምርምር ይታወቃሉ። ሽፋን ሰብል ለገበያ የሚመረት ሳይሆን በሁለት አዝመራዎች መካከል አፈሩን እንዲያለብስና እንዲያዳብር የሚዘራ ተክል ነው።

ሥራውም እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ራይ የተባለው የብርዕ ዘር ብርዱን ተቋቁሞ የተረፈውን ናይትሮጅን ይይዛል። የማጌጥ ዘመድ የሆነው ክሎቨር ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈሩ ይጨምራል። ረጅም ሥር ያለው ፍጅል ደግሞ የጠጠረ አፈር ይበሳል፤ በውርጭ ሲሞትም ሥሩ የነበረበት ቀዳዳ ለውኃና ለአየር መተላለፊያ ይሆናል። የሜሪላንድ ግዛት ሽፋን ሰብል ለሚዘሩ ገበሬዎች ክፍያ የሚሰጠው፣ ታጥቦ የሚሄደው ንጥረ ነገር የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ስለሚበክል ነው።

ዶሮዎች በዚህ ላይ ሲጨመሩ የወደቀ እህል፣ የአረም ዘርና ነፍሳት እየለቀሙ ኩሳቸውን በማሳው ላይ ይተዋሉ። ውኃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ግን ቦታው የዳክዬ ነው። ጃፓናዊው ገበሬ ታካዎ ፉሩኖ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ዳክዬዎችን በሩዝ መካከል በማሰማራት ስሙ ገንኗል። ሩዙ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ዳክዬዎቹ እንዳይበሉት ከማሳው ይወጣሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። የዶሮ ኩስ ሲበዛ ፎስፈረስ በአፈሩ ይከማቻል፤ ብዙ ዶሮ የሚረባባት ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ምክንያት ጥብቅ ደንብ አውጥታለች። ኩሱ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊይዝ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያልብላላ ፍግ የሚበላው ክፍላቸው አፈር የማይነካ የምግብ ሰብሎች ከመሰብሰባቸው ቢያንስ 90 ቀናት በፊት፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ደግሞ 120 ቀናት በፊት በአፈሩ እንዲቀላቀል ያዛል። እርጥብ ቅጠል ውኃ በተኛበት ማሳ ሲበሰብስም ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይጨምራል፤ ስለዚህ ውኃው ከመግባቱ በፊት እንዲብላላ ጊዜ መስጠት ይበጃል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው በተለይ የሚነካው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ ነው። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በወረታ የሚገኘውም በዚሁ አካባቢ ነው። እዚህ መሬቱ የሚራቆተው በብርድ ሳይሆን በበጋ ነው። ገበሬው ግን የራሱ ዘዴ አለው፤ ሩዙ ሲነሣ በአፈሩ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሁለቱም ናይትሮጅን የሚያመጡ ጥራጥሬዎች ናቸው። ሆኖም ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ከሆነ እግር ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው ከኑሮው ነው። ገለባው ለከብት ይቀርባል፣ ኩበቱ ይነዳል፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም ልቅ ግጦሽ ይጀመራል። ለአፈሩ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ምግብም መኖም ያልሆነ ሽፋን ሰብል ለገበሬው ውድ ቅንጦት ነው። በመሆኑም አፈሩን ሲሸፍን ቤተሰቡን ወይም ከብቱን የሚመግብ፣ ከግጦሽም የሚጠበቅ ሰብል የተሻለ ዕድል ይኖረዋል። ጥቂት የቤት ዶሮዎችም ቢሆኑ በታጨደው ማሳ ላይ በየተራ ቦታ እየለወጡ ቢሰማሩ ማዳበሪያውን ራሳቸው ያደርሱታል።