ከካንዴላ ወደ ባትሪ

የአንድ አገር ኀይል ከፍ ባለ ጊዜ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ቃሉም ወደ ሌላው አገር ይገባል። ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው የከተማችንን የአዲስ አበባን ጋራዦች ነው። መካኒኮቻችን ዘወትር የሚጠሯቸው ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታና ጎማ ከኢጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ለገሃርም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ ሐዲዱን በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያደረሰው የፈረንሳዮች ኩባንያ ነበርና።

ዛሬ ግን ኀይል ወደ ምሥራቅ እያዘነበለ ነው። በዓለም ላይ ከሚሠሩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከግማሽ የሚበልጡት የቻይና ሥራ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው። መንግሥታችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪካችን ግን አብዛኛው ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻውን 5150 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችል ነው።

ይሁን እንጂ ለከተማው ሠራተኛ አንድ ሥጋት አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ማርሚታም የለውም፤ የሞተር ዘይትም አይለወጥለትም። ስለዚህ በዚህ ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው ገበያው ቀስ በቀስ ይቀንስበታል። በምትኩ የሚመጣው ሥራ ባትሪ መመርመርና መጠገን፥ ባትሪ የሚሞላበትን ጣቢያ መትከል፥ የመኪናውንም ጉድለት በኮምፒዩተር መፈለግ ነው። ያረጀውን ባትሪ አየርና ውሃ ሳይበክል ሰብስቦ ለሌላ ጥቅም ማዋልም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ ያለ ትምህርት አይደፈርም፤ የባትሪው ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት ስለሚበልጥ ያልተማረውን ሰው ሊገድለው ይችላል።

እንግዲህ መኪናውን መግዛት ብቻ ኀይልን ከነዳጅ ሻጩ ወስዶ ለባትሪ ሻጩ መስጠት ነው። ጥገናውን የተማርን እንደ ሆነ ግን የእንጀራው አንድ ክፍል በሰፈራችን ይቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ዛሬ በጋራዥ ያሉት ሠራተኞች ሥራቸው ሳይጠፋ አዲሱን ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሊከፈትላቸው ይገባል። እኛም ተማሪዎች የፊዚክስን ትምህርት ለፈተና ብቻ አንያዘው። ወላጆችም ልጃቸው መፍቻ ይዞ ለመሥራት ቢመርጥ እንዳያፍሩበት እለምናለሁ።