ልጁ ስንት ኪሎ ነው?

ወደ መድኃኒት ቤታችን የሚመጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሉኝ «ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን የትኩሳት ሽሮፕ ስጪኝ» ነው። እኔ ደግሞ «ኪሎው ስንት ነው?» እላቸዋለሁ። የልጇን ዕድሜ በወርና በቀን ቆጥራ የምትነግረኝ እናት ኪሎው ላይ ስትደርስ «ባለፈው ለክትባት ስወስደው መዝነውት ነበር፣ ግን…» ብላ ታቆማለች። ትዕግሥቱ ያለቀ አባት ደግሞ «እህቴ፣ ልጁ እየነደደ ነው፤ ኪሎ ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። ኮልፌ ባለው ባንኮኒያችን ጀርባ ቆሜ ከዚህ ጥያቄ አብልጬ የምደጋግመው ነገር የለም። ምክንያቱን ለእያንዳንዱ ሰው ዘርዝሬ ላስረዳ ብል ሰልፉ አይፈቅድልኝም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

በአንድ ግቢ የሚያድጉ ሁለት ልጆችን እንውሰድ። ሁለቱም ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አንዱ 9 ኪሎ፣ ሌላው 14 ኪሎ ይመዝናል። ፓራሲታሞል ለልጅ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ታስቦ ነው። ለመጀመሪያው ከ90 እስከ 135፣ ለሁለተኛው ከ140 እስከ 210 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሸጠው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። ለሁለቱም አምስት አምስት ሚሊ ሊትር ቢሰጣቸው ለቀጭኑ ልኩ ነው፤ ደልደል ያለው ግን ዝቅተኛውን መጠን እንኳ አላገኘም። ትኩሳቱ አልወርድ ይላል። በማግስቱ እናቱ ተመልሳ «ይሄ አልሠራለትም፤ ጠንከር ያለ ስጪኝ» ትለኛለች። ጠንከር ያለ ሲባል በሰፈራችን አንቲባዮቲክ ማለት ነው። ጥቂት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ስለጎደለ ብቻ ልጁ የማያስፈልገውን አንቲባዮቲክ ሊጠጣ ይሆናል፤ ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ኪሎ ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ልጅሽን ታቅፈሽ ተመዘኚ፣ ከዚያ ልጁን ለሰው ሰጥተሽ ብቻሽን ተመዘኚ፣ ልዩነቱ የልጁ ኪሎ ነው። ለአራስ ልጅ ይህ አይበቃም፤ እሱ በጤና ጣቢያው የሕፃናት ሚዛን ይመዘን።

ዕድሜ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መድኃኒትን ሰባብረው ከሰውነት የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ የአራስ ልጅ ጉበት ደግሞ ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው አራሶች ገላቸው አመድ መስሎ፣ የደም ዝውውራቸው ደክሞ ሲሞቱ ሐኪሞች የደረሱበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ ጉበታቸው ሊያስወግደው ያልቻለው መድኃኒት በደማቸው ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ልጅ ከፍ ሲል ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ መድኃኒቶችን በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂም ፈጥኖ ያስወግዳል። የአዋቂን እንክብል «ግማሽ ለልጅ» ብሎ መግመስ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ግን ከእኔ ሽሮፕ አይገዛለትም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ኪሎው ከታወቀ በኋላ የሚታየው ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራውም እሱን ነው። ፓራሲታሞል በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 250 ያለው አለ፣ ለጨቅላዎች ተብሎ በጠብታ መልክ የሚመጣው ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሁሉም ይጣፍጣሉ፣ ካርቶናቸው ላይም ሕፃን ተስሎበታል። «ያው ፓራሲታሞል ነው» ብሎ ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር የሰጠ ሰው 500 ሚሊ ግራም፣ አንድ ሙሉ የአዋቂ እንክብል ሰጠ ማለት ነው። 6 ኪሎ የሆነ ሕፃን በአንድ ጊዜ ሊወስድ የሚችለው ቢበዛ 90 ነው።

ዘመድ ከውጭ የሚልከው መድኃኒት ሲጨመርበት ይብሳል። ከአሜሪካ የሚመጣው የልጆች ታይሌኖል፣ እሱም ያው ፓራሲታሞል ነው፣ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም አለው። እዚያም እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ የጨቅላዎቹ ጠብታ ከትልልቆቹ ሽሮፕ ይልቅ እጅግ የጠነከረ ነበር፤ ወላጆች እያምታቱ ልጆች ስለተጎዱ አምራቾቹ ሁለቱን እኩል አደረጓቸው። ከዱባይና ከጂዳ የሚመጣው ደግሞ ወረቀቱ በዐረብኛ ይሆንና ቤት ውስጥ የሚያነበው ይጠፋል። ይዛችሁልኝ ኑ፤ ከእኛ ባትገዙም ቁጥሩን አሳያችኋለሁ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ 12 ኪሎ የሆነ ልጅ በ15 ሲባዛ 180 ሚሊ ግራም ነው። ጠርሙሱ 120 በ5 ከሆነ 180ን ለ120 አካፍዬ በ5 አበዛለሁ፤ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ያው ልጅ ከአሜሪካው ጠርሙስ የሚያስፈልገው 5.6 ነው። ልጁ ሲያድግ ቁጥሩም ስለሚቀየር የአምናው ወረቀት ዘንድሮ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ተሰልቶ ቤት ሲደረስ ማንኪያ ይወጣል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል እንጂ አንዱ ቤት ያለው 3 እንኳ አይሞላም፣ ሌላው ቤት ያለው ከ6 ያልፋል። ስለዚህ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ። ላዩ ላይ ያለው ሲሲ የሚባለው መስመር ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ሌላ ስሌት የለውም። ጫፉ ላይ ትንሽ ክዳን ካለችው አስቀድማችሁ ጣሏት፣ ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ትቀረቀራለች። ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሲሪንጁን በጉንጩ በኩል አስገብታችሁ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ግፉት፣ ይዋጥ፣ እንደገና ግፉ። አፍንጫ ይዞ መጋት ይቅር። የሚያለቅስ ልጅ በዚያ ሰዓት አየር ሲስብ ሽሮፑ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል።

ሥራ የጀመርኩት መተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወባው ሲበረታ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይሰለፋሉ። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተምም የሚሰጠው በኪሎ ነው፦ ከ5 ጀምሮ 15 ያልሞላ ልጅ አንድ እንክብል፣ ከ15 ጀምሮ 25 ያልሞላ ሁለት፣ ከ25 ጀምሮ 35 ያልሞላ ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን። «ለአባቱ አራት አራት ሰጥታችሁ ለዚህ አንድ ብቻ?» የሚል ቅሬታ በየቀኑ እሰማ ነበር። ልጆቹ ደግሞ እግር ማስገቢያ ያለው ከረጢት የሚንጠለጠልበትን ሚዛን ይፈሩታል፤ እየተወራጩ መርፌው አይረጋም። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን በጋቢ እንደጠቀለሉ ሚዛኑ ላይ ሲያደርጉት 15 አለፈ። «እማማ፣ ጋቢውን ያንሱለት» አልኳቸው፣ «ይበርደዋል ልጄ» አሉኝ። ተለማምጬ ሳስወልቃቸው 14.6 ሆነ፤ ሁለት ሊሰጠው የነበረው ልጅ ልኩ አንድ ነበር። ኮአርተም ባዶ ሆድ ላይ አይሰጥም፣ ወተት ወይም ቅቤ የገባበት ገንፎ ሲቀድመው ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ልጁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው እንክብሉ ይደገማል። ከ5 ኪሎ በታች ላሉት ሕፃናት ለብቻው የተዘጋጀ የወባ መድኃኒት ለረጅም ዘመን አልነበረም፤ የመጀመሪያው በስዊዘርላንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የጸደቀው በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ በዚያ ሰዓት መተማ ብሆን ብዬ ተመኝቻለሁ።

ዱቄት ሆኖ የሚሸጠው አሞክሳሲሊን ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ መስመሩ ጋ እስኪደርስ ይጨመራል፣ ይናወጣል፣ አረፋው ሲተኛ ከመስመሩ ከወረደ ትንሽ ይጨመራል። ውኃው ሲያንስ መድኃኒቱ ይጠነክራል፣ ሲበዛ ይሳሳል። ባትቸኩሉ እኔው በጥብጬ እሰጣችኋለሁ። ከመስጠታችሁ በፊት ሁሌም ናጡት፤ ያልተናጠ እንደሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ፣ የመጨረሻዎቹ አተላ ይደርሳቸዋል። ከተበጠበጠ ከሳምንት በኋላ የተረፈው ይደፋ እንጂ ለሚቀጥለው ሳል አይቀመጥ።

ሰዓቱም የመጠኑ አካል ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል ብዙ ቤት ቁርስ፣ ምሳና እራት ተብሎ ይተረጎማል፤ ሌሊቱ ባዶ ይቀራል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ብትሉት ልኩ ነው። ፓራሲታሞል ደግሞ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። እናት ሥራ ውላ፣ አያት ቤት ሆነው፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ሲሰጡ አራቱ በቀላሉ ስድስት ይሆናል። የሰጣችሁበትን ሰዓት ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ለጉንፋን የሚሸጡ ብዙ ሽሮፖች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ ሁለቱን ደርቦ መስጠት መጠኑን ማጠፍ ነው። አስፒሪን ለልጅ ትኩሳት አይሰጥም። አይቡፕሮፌን ሦስት ወር ላልሞላው፣ በተቅማጥና በትውከት ውኃ ላለቀበትም ልጅ አይሆንም።

መጠኑ እንዳለፈ ከተጠራጠራችሁ ልጁ ሲጫወት አይታችሁ አትዘናጉ። ብዙ ፓራሲታሞል የወሰደ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው። ማርከሻው አሲቲልሲስቲን ይባላል፤ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ከተወሰደ በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሲጀመር ነው። በግድ አታስመልሱት። ጠርሙሱን ከነተረፈው፣ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ኪሎ ስንት ሚሊ ግራም እንደገባ የሚያሰላው ከጎደለው ልክና ከልጁ ኪሎ ነው።